ምሳ ወይስ እራት? በባለጸጎች ሰፈር ምግብ ቤት

ከከተማ ወጣ ባለ የሀብታሞች ሰፈር ጥሩ ምግብ ቤት መሞከር ያሰበ ሰው ከምግብ ቤቱ በፊት ሰዓቱን ቢመርጥ ይሻለዋል።

የሥራ ቀን ምሳ ይረክሳል። ነዋሪው ቀን ቀን መሀል ከተማ ሥራ ላይ ስለሚውል፣ ብዙ ቤቶች ወንበር ባዶ እንዳይውል 2 ወይም 3 ዙር ምግብ በቁርጥ ዋጋ ያቀርባሉ። መኪና ማቆሚያም አይቸግርም። ጉድለቱ ምርጫው ማነሱ ነው፤ ዋናው ሼፍም ብዙ ጊዜ የሚገባው ለማታ ነው። ቤቱን ለማያውቅ ሰው ግን ከምሳ የተሻለ መፈተኛ የለም፤ ባይጥምዎት እንኳ ብዙ አልከሰሩም።

እራት ሌላ ጣጣ አለው። ሙሉው ሜኑ የሚገኘው ያኔ ነው፤ ነገር ግን ዓርብና ቅዳሜ ሰፈርተኛው ባንዴ ይጎርፋል። 20 ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ ሲያዝ ትእዛዙ ኩሽና ውስጥ ይደራረባል፤ የአንዱ እንግዳ ምግብ እስኪደርስ የሌላው ሳህን መደርደሪያ ላይ ይቀዘቅዛል። ከግርግሩ 1 ሰዓት ለሚቀድም ጊዜ ቦታ ይያዙ፣ ወይም ማክሰኞና ረቡዕን ይምረጡ። ሰኞ በርካታ ቤቶች ዝግ ናቸው።

ቦታ ሲያስይዙ ጠረጴዛው ለምን ያህል ጊዜ የእርስዎ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከተቀመጡ 2 ሰዓት ሲሞላዎት የሚያስነሱ አሉ። ቢቀሩ ከካርድዎ የሚቆረጥ ቅጣት መኖሩንም ያጣሩ። 6 ሰውና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ የአገልግሎት ክፍያ ሂሳቡ ላይ ቀድሞ ሊደመር ስለሚችል፣ ደረሰኙን ሳያዩ ጉርሻ የሚያስቀምጥ ሰው ሁለቴ ይከፍላል።