አቧራ መለኪያ ወይስ የአስቤስቶስ ፓምፕ? በቆሻሻ መድፊያ ዙሪያ ምን ይገዛ

ቆሼ ዙሪያም ሆነ በሌላ የአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቆሻሻ መድፊያ አጠገብ አየር ለመለካት በጀት የያዘ ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይለይ፦ አቧራ መለካት ሌላ፣ አስቤስቶስ (ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ፣ እንደ ደቃቅ ክር የሚበተን ማዕድን) መለካት ሌላ ነው። ቁጥሩን እዚያው በስክሪን የሚያሳይ ተራ የአቧራ መለኪያ አስቤስቶስን ከአፈር አይለይም። «ሁለቱንም ይለካል» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

አቧራን በብርሃን ከሚለኩት መሣሪያዎች ርካሹ፣ በትንሽ ማራገቢያ አየር የሚስበው፣ ጭስ ለመከታተል ይበቃል፤ ቆሻሻ ሲቃጠል ሰዓቱን ይነግራችኋል። በመኪና መንገድ አቧራ ላይ ግን አትመኑት። ጎማ የሚያስነሣው ብናኝ ክብደቱ በአብዛኛው ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) በላይ በሆነው ቅንጣት ላይ ነው፤ ይህ ሴንሰር ያንን በደንብ አያይም፣ ፒኤም 10 (እስከ 10 ማይክሮን ያለው ቅንጣት) ብሎ የሚያወጣውም በአብዛኛው ከደቃቁ ተነሥቶ የተገመተ ቁጥር ነው። ሲኖትራክ አልፎ ልብስ የሚያቀልም አቧራ ቢነሣም ቁጥሩ እምብዛም ላይነቃነቅ ይችላል። በክረምት ማለዳ ደግሞ ቅንጣቱ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ ቁጥሩ ያለ አቧራ ይወጣል። ዋጋው ቢወደድም የራሱ ፓምፕና አየሩን የሚያሞቅ ማስገቢያ ያለው ይሻላል።

ፊልተር ከመለካቱ በፊትና በኋላ ተመዝኖ የሚሠራው ዘዴ ቁጥሩ የሚታመን ነው፤ አቧራው በስንት ሰዓት እንደተነሣ ግን አይናገርም። ትልቁ ሳቢ በደቂቃ 1,130 ሊትር ገደማ ስለሚስብ የመስመር መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ከጠፋ የ24 ሰዓቱ ናሙና ተበላሸ። ለዳርቻ በደቂቃ 16.7 ሊትር የሚስበውን በባትሪ የሚሠራ ውሰዱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው የ24 ሰዓት መመሪያ ለፒኤም 10፦ 45፣ ለፒኤም 2.5 (እስከ 2.5 ማይክሮን ያለው)፦ 15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው። የብርሃኑን መለኪያ ከዚህ ጎን ለሁለት ሳምንት አቁማችሁ አርሙት፤ በበጋ አንዴ፣ በክረምት አንዴ።

አስቤስቶስ የሚያሳስበው የፈረሰ አሮጌ ቤት ፍርስራሽ በሚደፋበት ቦታ ነው፤ አሮጌ የሲሚንቶ ጣሪያ ክዳንና የውኃ ቧንቧ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የሚያስፈልገው ፓምፕ፣ 25 ሚሊ ሜትር ፊልተርና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጥቁር የፊልተር መያዣ ነው። ተራ ፕላስቲክ መያዣ በበጋው ደረቅ አየር ስታቲክ (የማይፈስ ኤሌክትሪክ) ይዞ የአስቤስቶሱን ክር ግድግዳው ላይ ያስቀረዋል። አፉን ወደ ታች አዙራችሁ በ1.5 ሜትር ከፍታ ስቀሉት።

በደቂቃ 2 ሊትር ለ4 ሰዓት ስትስቡ 480 ሊትር ይሆናል፤ በተራ ማይክሮስኮፕ ቆጠራ ይህ በሚሊ ሊትር 0.01 ክር አካባቢ ለማየት ነው። ለአጥር ዳር አየር ሊያንስ ይችላል፤ በደቂቃ 8 ሊትር ብትስቡ ግን አቧራው ፊልተሩን ሸፍኖ ክሩ አይቆጠርም። መፍትሔው ሰዓቱን ከፋፍሎ ብዙ ፊልተር መጠቀም ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው የአዲስ አበባን ከፍታ ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ሮታሜትር (የአየር ፍሰት ማሳያ) እዚህ 2 ሲያሳይ እውነተኛው ፍሰት ወደ 2.3 ይጠጋል፤ ይህን ያላረመ ሰው የክሩን መጠን 15 በመቶ ያህል አብዝቶ ይጽፋል። ስለዚህ የፍሰት ማስተካከያ መሣሪያ አብራችሁ ግዙ፤ ፊልተሩ ተገጥሞ እያለ፣ በቦታው፣ ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ ለኩ። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ናሙናውን ጣሉት።

ላቦራቶሪ ስትመርጡ በተራው ማይክሮስኮፕ (ፌዝ ኮንትራስት በሚባለው) ብቻ የሚቆጥረው አይበቃም። ያ ማይክሮስኮፕ የማዳበሪያ ከረጢት ክር፣ የጨርቅ ብናኝ፣ በኅዳርና ታኅሣሥ ጤፍ ሲወቃ የሚበተን ገለባ ሁሉ ሊቆጥር ይችላል። ቁጥሩ ከፍ ሲል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚያረጋግጥ ላቦራቶሪ ከፓምፑ በፊት ተዋዋሉ።

ገንዘቡ ለአንዱ ዓይነት መለኪያ ብቻ ከበቃና ፍርስራሽ ከሚደፋበት ከሆነ ሁለት ፓምፕ ግዙ፤ አንዱ ነፋሱ ከሚመጣበት፣ ሌላው ከሚሄድበት። ፍርስራሽ ከሌለ፣ ቅሬታው መንገዱና ጭሱ ከሆነ፣ ባለ ማሞቂያው የብርሃን መለኪያ ይቅደም። ከየ10 ናሙና 1፣ ቢያንስ ግን 2 ያልተሳበበት ባዶ ፊልተር ጨምራችሁ ላኩ። ሣጥኑ ውስጥ ነጩን ፎም አትሙሉ፤ ስታቲኩ ክሩን ከፊልተሩ ላይ ይነቅላል።