ታይዩዋን በምሽት፦ ለጭፈራ ሳይሆን ለምግብ የሚኬድባት ከተማ

ለትምህርት ወደ ሰሜን ቻይና የምትሄዱ የጅማ ልጆች ሁሌ ስለ ቤጂንግ ነው የምትጠይቁኝ። እኔ ደግሞ ስለ ታይዩዋን ላውራችሁ። የሻንሺ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ሚሊዮኖች ይኖሩባታል፣ ማታ ግን ጭር ትላለች። ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ክለብና ዲጄ የምትፈልጉ ከሆነ ይቅርባችሁ። ማታ ማታ ወክ እያደረገ ጥሩ ነገር መብላት ለሚወድ ሰው ግን እንደሷ የሚመች ከተማ አላየሁም።

ታክሲዎቿ እ.ኤ.አ. በ2016 በሙሉ በኤሌክትሪክ መኪና ተተክተዋል፤ ስለዚህ ዋናው መንገድ ዳር ቆማችሁም ሳትጮኹ ታወራላችሁ። የባጃጅ ጥሩምባ ለለመደ ጆሮ ይሄ ራሱ እረፍት ነው። ፌን ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፣ ዳርና ዳሩ መናፈሻ ነው፣ ማታ ቤተሰብ ሁሉ እዚያ ይወጣል። የጅማችንን ወንዝ አዌቱንም እንዲህ ብንይዘው እያልኩ ነበር የምሄደው።

አሁን ወደ ምግቡ። ዳኦሺያኦሚያን የሚሉት ኑድል አለ፤ መጀመሪያ እሱን ብሉ። ሰውዬው ትልቅ ጠንካራ ሊጥ ክንዱ ላይ ያስደግፍና ቆልመም ባለች ስስ ቢላ ቶሎ ቶሎ ይልጠዋል፣ እያንዳንዷ ቁራጭ በአየር ላይ በርራ የፈላው ድስት ውስጥ ትገባለች። መሐሏ ወፈር፣ ጠርዟ ሳሳ ያለ ነው፤ ስትታኘክ ደስ ትላለች። አንድ ሳህን ከ20 ዩዋን በታች ታገኛላችሁ፣ ያጠግባል። አንድ ቤት በማሽን የተቆረጠ አቅርበውልኝ ጭራሽ ሌላ ምግብ ሆነብኝ፤ ቆራጩን በዓይናችሁ ካላያችሁ አትዘዙ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥቁር አቼቶ ሳትፈሩ ጨምሩበት። የእኛ ሱቅ ያለው ዓይነት ጉሮሮ የሚቧጥጥ አይደለም። ከማሽላ ነው የሚሠራው፣ እርሾው ደግሞ ከገብስና ከአተር። በሙቀቱ ወራት ጋኑ ፀሐይ ላይ ይውላል፣ በብርዱ ወራት ላዩ ላይ የረጋውን በረዶ እያነሱ ይጥላሉ፤ ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ አቼቶው ይወፍራል፣ ጣፈጥም ይላል። ኒንግኋፉ የሚባል ጥንታዊ የአቼቶ ቤት አለ፤ ሰፈሩ ገና ከሩቅ ይሸታል፣ ሰዉ ባዶ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል። ማሽላ እኛም ጋ ሞልቷል፤ አንድ ሰው ይህን ሙያ ተምሮ ቢመጣ ምን አለበት?

የአጃውንም እንዳታልፉት። ዮውሚያን ካኦላኦላኦ ይሉታል፤ ስስ ሊጥ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይበስላል፣ ጎን ለጎን ቆሞ ሲቀርብ ቁርጥ የማር እንጀራ ነው። በቲማቲም መረቅ እየነከራችሁ ትበሉታላችሁ። ለጾም ጥሩ ነው፣ ሥጋ እንዳይገባበት ብቻ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አሳማ ብዙ ቦታ አለ። አሳማ የማትበሉ "ቺንግጄን" የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ፈልጉ፤ የሙስሊሞች ምግብ ቤት ማለት ነው፣ ከተማዋ ውስጥ ሞልቷል፣ በጉም እዚያ ይጣፍጣል።

ቡናችሁን ከዚህ ቆልታችሁ ያዙ። በዚህ አልደራደርም፤ የጅማ ሰው እዚያ ያለውን ጠጥቶ አይረካም።

ቶውናኦን መቅመስ ካማራችሁ ደግሞ በጊዜ ተኙ። የበግ ሥጋ፣ የሎተስ ሥርና ቦዬ የሚገባበት ወፍራም ሾርባ ነው፤ ገና ሳይነጋ የሚበላ፣ ብርድ የሚያስረሳ። የእህል ወይን ይገባበታል፣ አልኮል የማትነኩ ይህን እወቁ። የሚሸጠውም በኛ አቆጣጠር ከመስከረም መባቻ አካባቢ እስከ ጥር መጨረሻ ነው፤ ቲኬት ስትቆርጡ ይህን አስቡበት።