ራሱ የሚደውል፣ ራሱ የሚዘጋ፦ የዶንግልና የስክሪፕት ልምዴ ድሬዳዋ ላይ

ፍርዴን ላስቀድም። በስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ ራሱ በሚፈጽመው የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር፣ የሚደወል ኢንተርኔት ጥቅሙ የሚታወቀው ሲዘጋ ነው። መደወሉንማ እጅም ይደውላል፤ አንዲት ቁልፍ መጫን ናት። ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ፣ ጥቅሉ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መስመሩን ቆርጦ ዋናውን ሂሳብ የሚያተርፍ ሰው ግን አይገኝም። ሳቢያን ባለው ቤታችን ይህን ሥራ ካለፈው ክረምት ጀምሮ የያዙልን አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ ሲም ገብቶበት ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ አንድ ባለ 3ጂ ዶንግልና እኔ የጻፍኳቸው ጥቂት አጫጭር ስክሪፕቶች ናቸው። ኮምፒዩተሩ ላይ የጫንኩት ዴቢያን ሊኑክስ ነው፤ ራሙ 2 ጊጋባይት ስለሆነ ከዚያ የከበደ አይሸከምም።

"ስልክህን ሆትስፖት አድርገውና ተገላገል" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ስልኬ ከእኔ ጋር ይወጣል፤ ኮምፒዩተሩ ቤት ይቀራል። የልጆቹ የትምህርት ቪዲዮ፣ የባለቤቴ የርቀት ትምህርት ሞጁል፣ የሰፈር ተማሪዎች የሚያስወርዱት ያለፉ ዓመታት ፈተና፣ ሁሉም የሚወርደው ዳታ በሚረክስበት በሌሊት ጥቅል ነው። በዚያ ሰዓት መነሳት አልፈልግም፤ ቀን የሚሠራ ሰው ነኝ። ጠዋት የጎረቤቱ ልጅ በመስኮት ብቅ ብሎ "አቦ ጋሼ፣ የፊዚክሱ ወረደ?" ሲለኝ ፍላሹን ተቀብዬ ገልብጬ እሰጠዋለሁ። ለእኔ የዚህ ነገር ትልቁ ደስታ እሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዶንግል ትንሽ ይምሰል እንጂ ሙሉ ሞደም ነው፤ የሚሰማውም የድሮ የስልክ ሞደሞችን ቋንቋ ነው። ሄይስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ በሴኮንድ 300 ቢት በሚልክ ሞደም የጀመረው በኤቲ የሚጀምር ትእዛዝ ዛሬም ዶንግሉ ውስጥ አለ። አገራችን በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ስትጀምር በቤት ስልክ ይደወል የነበረው በዚሁ ትእዛዝ ነበር። ልዩነቱ ያኔ የሚደወለው የአገልግሎት ሰጪው ስልክ ቁጥር መሆኑ ነው፤ አሁን *99# ነው።

ቻት የምትባለዋ ትንሽ ፕሮግራም ከዶንግሉ ጋር የምታደርገው ምልልስ ሲታይ ደስ ይላል። ኤቲ ትላለች፤ ኦኬ እስኪላት ትጠብቃለች። ቀጥላ ሲጂዲኮንት በሚባለው ትእዛዝ ኤፒኤኑን፣ ማለትም የድርጅቱን የኢንተርኔት መግቢያ ስም፣ ታስገባለች፤ በኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ ኢቲሲ ነጥብ ኮም ነው። እንደገና ኦኬ ትጠብቃለች። ከዚያ *99# ትደውላለች፤ ኮኔክት የሚል መልስ ሲመጣ መስመሩን ለፒፒፒዲ፣ ግንኙነቱን ይዞ ለሚያቆየው ፕሮግራም፣ ታስረክባለች። ኖ ካሪየር (መስመር የለም) ከመጣ ወይም የሰጠኋት ጊዜ ካለፈ ትታው ትወጣለች። ይኸው ነው፤ ከአሥር መስመር አይበልጥም። ነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን መጀመሪያ የከፈተው እዚሁ ድሬ ላይ ስለሆነ ሁለት ዓይነት ሲም ያለው ቤት ብዙ ነው፤ ሲም ሲቀየር ከስክሪፕቱ የምትቀየረው ያቺ የኤፒኤን መስመር ብቻ ናት። መክፈቻውን ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደብልዩቪዳያል የሚባለው ፕሮግራም ይህንኑ ያቀልለታል፤ እኔ ግን ቻትን የመረጥኩት እያንዳንዱን እርምጃ በዓይኔ ስለማይ ነው።

መዝጊያው ላይ ግን ብዙ አስቤበታለሁ። ፒፒፒዲ መስመሩ በተዘጋ ቁጥር አንድ ስክሪፕት ያስነሳል፤ ለዚያ ስክሪፕት የተቀበለውን ባይት፣ የላከውን ባይትና የቆየበትን ሴኮንድ ይነግረዋል። እኔ ሦስቱን ቁጥሮች ከቀኑ ጋር አንድ ፋይል ላይ አስጽፋቸዋለሁ። ስለዚህ የወሩ ፍጆታችን ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ሌሊት ብዙ እንደወረደ በግምት አልናገርም፤ ተጽፎ አለ። ሌላዋ ስክሪፕት መስመሩ ክፍት ሳለ በየደቂቃው የባይቱን ቁጥር እያነበበች ከጥቅሉ ጋር ታስተያያለች። ጥቅሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መጀመሪያ አውራጁን፣ ፋይሎቹን የሚያወርደውን ፕሮግራም፣ ታስቆማለች፤ ቀጥላ መስመሩን ትዘጋለች። አውራጁ ካቆመበት የሚቀጥል ስለሆነ የሚባክን ነገር የለም፤ በማግስቱ ሌሊት ከዚያው ይነሳል። ዶንግል ገዝቶ ሳይዘጋው ተኝቶ ካርዱ ሙልጭ ብሎ ያደረ ሰው የምለው ይገባዋል።

ፒፒፒዲ ራሱም "ሥራ ከሌለ ዝጋ" የሚል ምርጫ አለው። ለብቻው አይበቃም። ኮምፒዩተር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሰዓት ይጠይቃል፣ ማሻሻያ ይፈልጋል፣ ብሮውዘሩ ከጀርባ ያወራል። በእነዚህ ትናንሽ ፓኬቶች ምክንያት መስመሩ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ አውቶማቲክ ማሻሻያውን አጠፋሁና በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ እንዲሠራ አደረግኩት።

ከሁሉም በላይ ራሴን ያዞረኝ የውሸት ግንኙነት ነው። ኮምፒዩተሩ ተገናኝቻለሁ ይላል፣ አድራሻም ተሰጥቶታል፣ ግን አንድ ባይት አይገባም። ምክንያቱን ለማግኘት ቆየሁ። በእነዚህ ዶንግሎች ፒፒፒዲ የሚያደርገው ንግግር የሚካሄደው በኮምፒዩተሩና በዶንግሉ መካከል ነው፤ ከማማው ጋር የሚነጋገረው ዶንግሉ ለብቻው በሌላ መንገድ ነው። ስለዚህ ፒፒፒዲ "አለህ ወይ?" ሲል "አለሁ" የሚለው ዶንግሉ ነው፤ ከበሩ ዘበኛ ጋር እየተነጋገሩ ጋሼ ቤት አሉ ብሎ እንደማመን ነው። መፍትሔው ከሩቅ ማረጋገጥ ነው። ጠባቂ ስክሪፕት ወደ 8.8.8.8፣ ወደ ጉግል አገልጋይ፣ ፒንግ (መልስ የሚጠይቅ አጭር መልእክት) ትልካለች፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መልስ ካጣች ዘግታ ትደውላለች። ያም ካልሠራ ሲኤፍዩኤን በሚባለው ትእዛዝ ዶንግሉን ራሱን አጥፍታ ታስነሳዋለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ዶንግሉ ጠፍቶ ሲነሳ የፖርቱ ቁጥር ይቀየራል። ዩኤስቢ 0 የነበረው ዩኤስቢ 3 ሊሆን ይችላል፤ ስክሪፕቱም የሌለ በር ሲያንኳኳ ያድራል። በቁጥሩ ፋንታ ሊኑክስ ለዕቃው የሚሰጠውን ቋሚ ስም መጠቀም ይህን ጨርሶ ይፈታል።

ሙቀቱን ሳላነሳ አላልፍም። የድሬን ግንቦትና ሰኔ የሚያውቅ ያውቃል፤ ቀትር ላይ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰውም ይተኛል። ከሲፒዩው ጀርባ የተሰካ ዶንግል በዚያ ሰዓት በእጅ አይያዝም፣ መስመሩም ቶሎ ቶሎ ይቆረጣል። በዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ አውጥቼ መስኮቱ ላይ፣ ጥላ ባለበት በኩል ሰቀልኩት። ሁለት ነገር አተረፍኩ፤ በረደ፣ ሲግናሉም አደገ። ሲኤስኪው የሚባለው ትእዛዝ ሲግናልን ከ0 እስከ 31 በሚሆን ቁጥር ይመልሳል፤ 99 ከመለሰ አላወቅሁም ማለቱ ነው። ከሲፒዩው ጀርባ 9 የነበረው መስኮቱ ላይ 17 ሆነ፤ ይህ ከኔጋቲቭ 95 ወደ ኔጋቲቭ 79 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) መምጣት ነው፣ ትልቅ ልዩነት ነው። ገመዱ ግን ከ5 ሜትር እንዳይበልጥ፤ የዩኤስቢ 2 ልኩ እሱ ነው፤ ቀጭንና ርካሽ ገመድም ኃይል ያሳንሳል።

መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፑ አብሮ ይጠፋል፤ ይህን በስክሪፕት ማስቀረት አይቻልም። ግን አብዛኛው ዴስክቶፕ ባዮስ (ከሊኑክስም ሆነ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ያንን ከፍቼ፣ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱን አይቶ የሌሊቱ ክፍለ ጊዜ ካላለፈ እንዲደውል አድርጌዋለሁ። እዚህ ላይ የምትረሳዋ የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ናት፤ ቁጥሯ 2032 ነው። እሷ ከሞተች ኮምፒዩተሩ ተነስቶ ዘመኑን ይረሳል፤ ክሮን፣ ስክሪፕቶቹን በሰዓታቸው የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በቀን ይደውላል፣ ድረ ገጾችም የምስክር ወረቀታቸው ጊዜ አልደረሰም እየተባለ አይከፈቱም። አሮጌ ዴስክቶፕ የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ እሷን ይቀይር። ክሮን ላይ ሰዓት ስትጽፉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ለክሮን 2 ነው፣ መዝጊያዬ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ደግሞ 5 ከ30።

ዊንዶውስ ያለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለችው የአክስቴ ልጅ ራስዳያል በሚባለው ትእዛዝና ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው በታስክ ስኬጁለር ይህንኑ ትሠራለች። ራስዳያል ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣ ነው፤ የግንኙነቱን ስም ሲሰጡት ይደውላል፣ ዲስኮኔክት ሲሉት ይዘጋል። ባይት መቁጠሩ እንደ ሊኑክሱ አይመችም እንጂ በሰዓት መክፈትና መዝጋቱን አስተማማኝ አድርጎ ይሠራል። የእሷ ችግር የድንጋዩ ግድግዳ ውፍረት ነው፤ ዶንግሉን በገመድ ደርቡ ላይ እስካላወጣችው ድረስ ቤት ውስጥ ሲግናል አልነበራትም።

አሁንም ያልረካሁበት ነገር የጥቅል መልእክቶችን ማንበብ ነው። ሲም ካርዱ ላይ የሚገባው መልእክት በአማርኛ ከሆነ ዶንግሉ የሚያሳየው በቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል አራት አራት አሃዝ ይሆናል። ቀረ ማለት 12401228 ሆኖ ይመጣል። ወደ ፊደል የምትመልስ ስክሪፕት ጽፌ ይሠራል፤ ነገር ግን በአማርኛ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ስለሆነ ረጅሙ እየተቆራረጠ ይመጣል፣ ቁርጥራጩን በቅደም ተከተል መግጠም ደግሞ ገና ያታግለኛል። ቀሪ ሂሳብን በ*804# መጠየቅም ከዶንግሉ ይቻላል፤ ግን ብዙዎቹ ዶንግሎች ቁጥሩን በቀጥታ አይቀበሉም፣ እያንዳንዱ ምልክት በ7 ቢት ተጠቅጥቆ፣ ወደ ኮድ ተቀይሮ መላክ አለበት። ለጊዜው የምተማመነው በራሴ የባይት መዝገብ ነው።

ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ ዶንግል ስታዩ ፍጥነቱን ብቻ አትጠይቁ። የእኔ 7.2 ሜጋቢት ነው የሚለው፤ ለሌሊት ማውረድ ይበቃል። ዋናው ጥያቄ ይደወልለታል ወይስ አይደወልለትም የሚለው ነው። ከአዲሶቹ የ4ጂ ዶንግሎች ብዙዎቹ ራሳቸው ተደውለው እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀርባሉ፤ ቅንብራቸውም በብሮውዘር በ192.168.8.1 ወይም በመሰለ አድራሻ ይከፈታል። ለተራ ተጠቃሚ ይመቻሉ፤ እዚህ የገለጽኳቸው ስክሪፕቶች ግን አይሠሩባቸውም፣ መዝጊያውም ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ እዩት። አንዳንዱ መጀመሪያ እንደ ሲዲ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባለው ፕሮግራም ወደ ሞደምነት ይቀይረዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ሴኮንድ ጠብቁት። የዩኤስቢ ፖርቶች ብቅ ካሉና ለኤቲ ኦኬ ብሎ ከመለሰ ዋጋውን መነጋገር ትችላላችሁ።