ለሚጎትት አሮጌ ሸቭሮሌት የቱ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይሻላል? ቲኤች 400፣ 700አር4 ወይስ 4ኤል80ኢ

አሜሪካ ውስጥ ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በሚወጣው 70 ቁጥር አውራ ጎዳና፣ ዳገቱ መሃል መኪናዬን ዳር ይዤ የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ በነጭ ሶፍት ጠረግሁት። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ቡና መስሏል፤ ሽታው እንዳረረ ዳቦ ነው። ከኋላዬ 1,800 ኪሎ የሚመዝን ተጎታች፣ ከፊቴ የአይዘንሃወር ዋሻ። ዋሻው 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ከእንጦጦ ጫፍ በላይ ማለት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ባለ ካርቡራተር ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። መኪናዬ የ1972 ሸቭሮሌት ሲ10 ፒካፕ ናት፣ ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር፤ ያኔ የተገጠመላት ካምቢዮ 700አር4 ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው "የቱን ካምቢዮ ልግዛ?" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ዲፈረንሻልህ ስንት ነው?" ብዬ ነው። ለምን እንደሆነ ከማርሾቹ ምጣኔ (የካምቢዮው መውጫ አንዴ እንዲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) እንነሳ።

ቲኤች 350 (1969)፦ 2.52፣ 1.52፣ 1.00
ቲኤች 400 (1964)፦ 2.48፣ 1.48፣ 1.00
700አር4 (1982)፦ 3.06፣ 1.63፣ 1.00፣ 0.70
4ኤል80ኢ (1991)፦ 2.48፣ 1.48፣ 1.00፣ 0.75

አራቱም የጄኔራል ሞተርስ ሥራ ናቸው። ይህን ሰንጠረዥ ያየ ሰው ቶሎ ብሎ 700አር4 ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ እኔም አሳርፌ ነበር። አንደኛው ማርሽ ጉልበተኛ ነው፣ አራተኛው ነዳጅ ይቆጥባል፣ ኮምፒውተር አይፈልግም፣ በየመኪና እርድ ቤቱ ሞልቷል። ምን ቀረ?

የቀረው ማባዛት ነው፤ የማርሹ ምጣኔ በኋላ ጎማዎቹ መካከል ባለው ዲፈረንሻል ምጣኔ ይባዛል። 3.08 ዲፈረንሻል ላይ የ700አር4 አንደኛ ማርሽ 9.42 ይሆናል። ቲኤች 400 እዚያው ዲፈረንሻል ላይ 7.64 ብቻ ስለሆነ ተጎታች ይዞ ከዳገት ሲነሳ ያቃስታል። ዲፈረንሻሉን ወደ 3.73 ከቀየራችሁለት ግን 9.25 ይደርሳል። በሌላ አነጋገር 700አር4 የሚሸጥላችሁን የመነሻ ጉልበት ዲፈረንሻል በመቀየርም ታገኙታላችሁ።

አራተኛው ማርሽስ? ባለ 28 ኢንች ጎማ መኪና በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ 3.08 ዲፈረንሻልና የ700አር4 አራተኛ ማርሽ ሞተሩን ወደ 1,680 ዙር ያወርዱታል። ባዶ መኪና ላይ ደስ ይላል። ተጎታች ስትጨምሩ ሞተሩ በዚያ ዙር መሳብ አይችልም፤ ካምቢዮው ወደ ሦስተኛ ይወርዳል፣ ትንሽ ሜዳ ሲያገኝ ወደ አራተኛ ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል። በወጣና በወረደ ቁጥር የሦስተኛና የአራተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኖች ይፋጫሉ። የ700አር4 ደካማ ጎን የሚባለውም እሱ ነው፤ ቀድሞ የሚያረው የሦስትና አራት ፍሪሲዮን ነው። ስለዚህ ጭነት ሲኖር የማርሽ መያዣውን ሦስተኛ ላይ አድርጎ መንዳት ግድ ነው። ያ ከሆነ ደግሞ የከፈላችሁበትን አራተኛ ማርሽ የምትጠቀሙት ባዶውን ስትመለሱ ብቻ ነው።

አንደኛና ሁለተኛው መካከል ያለው ክፍተትም ቀላል አይደለም። በ4,000 ዙር ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀይር 700አር4 ሞተሩን ወደ 2,130 ይጥለዋል፤ ቲኤች 400 ወደ 2,390። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳገት ላይ ግን ልዩነቱ መኪናው ጉዞውን በመቀጠልና በመንፏቀቅ መካከል ነው።

ወደ እኔ ጥፋት ልመለስ። 700አር4 ከካርቡራተሩ ጋር የሚያያዝ ገመድ አለው። ብዙ ሰው ነዳጅ ሲረገጥ ማርሽ የሚያወርድ ገመድ ብቻ ይመስለዋል። ዋና ሥራው ግን ነዳጅ በረገጣችሁ መጠን በካምቢዮው ውስጥ የዘይቱን ግፊት መጨመር ነው። ገመዱ ከላላ ግፊቱ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኖቹ ይንሸራተታሉ፣ ያራሉ። የገጠመልኝ ጋራዥ የካርቡራተሩን ክንድ ሳይለካ እንዲሁ በዓይን አስሮት ነበር። ከተማ ውስጥ ወር ሙሉ ምንም አላለኝም። ዳገቱ ነው ያጋለጠው። ካርቡራተራችሁ የፋብሪካው ካልሆነ ትክክለኛውን የገመድ መያዣ ሳትገዙ መኪናውን አታስነሱ፤ ይህን አቅልዬ የምናገረው አይደለም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ትታችሁ ከ1987 ወዲህ የተሠራውን ፈልጉ፤ ብዙ ማሻሻያ ተደርጎበታል።

ቲኤች 400 ተቃራኒው ነው። ጭነቱን የሚያውቀው ከሞተሩ በሚመጣ ቀጭን የቫኪዩም ጎማ፣ ማርሽ የሚያወርደው በኤሌክትሪክ ማብሪያ ነው። ጎማው ከተቀደደ ማርሽ ዘግይቶና እየደበደበ ይቀይራል፤ ጎማውን ትቀይራላችሁ፣ አለቀ። ሮልስ ሮይስ ለሲልቨር ሻዶው፣ ፌራሪም ለ400 ሞዴሉ የተጠቀሙት ይህንኑ ካምቢዮ ነው። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም ከ1.00 በታች የሆነና የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ማርሽ፣ የለውም። በ3.73 ዲፈረንሻል በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ 2,900 ዙር ይጮኻል። ቶርክ ኮንቨርተሩም የሚቆልፍበት ነገር የለውም። ኮንቨርተር ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው በዘይት ነው፤ በዚያ የሚንሸራተተው ሁሉ ሙቀት ይሆናል። 700አር4ና 4ኤል80ኢ በውስጣቸው ቆልፈው መንሸራተቱን ያስቆማሉ።

ቲኤች 350 ቀላልና ርካሽ ነው። ጀልባ አልፎ አልፎ ለሚስብ ሰው ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ አልመክርም።

4ኤል80ኢ ማለት በአጭሩ ኦቨርድራይቭና መቆለፊያ የተጨመረለት ቲኤች 400 ነው፤ የታችኞቹን ሦስት ማርሾች ምጣኔ እንዳለ ወርሷል። በዚያው 3.73 ዲፈረንሻል አራተኛው ማርሽ ላይ 2,180 ዙር ይሰጣል፤ ይህ ተጎታች ይዞም የሚነዳ ዙር ነው። ችግሩ የካምቢዮው ዋጋ አይደለም፣ አብሮት የሚመጣው ነው እንጂ። መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር፣ ካርቡራተሩ ላይ የሚታሰር የነዳጅ መስጫ ሴንሰር፣ አዲስ የካምቢዮ ተሸካሚ ብረት፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ማሳጠር፤ ሰውነቱም ሰፊ ስለሆነ በትናንሽ መኪኖች ወለሉን መቀጥቀጥ አለ። ፒካፕ ሥር ግን ቦታ ሞልቷል።

ሻጭ ሲነግራችሁ ስሙን አትመኑ፤ ጎንበስ ብላችሁ የዘይት ጎድጓዳውን ብሎኖች ቁጠሩ። ሁለቱ የድሮ ካምቢዮዎች 13፣ 700አር4 16፣ 4ኤል80ኢ 17 አላቸው። 13 ከሆነና ጎድጓዳው አንድ ጥጉ የተቆረጠ አራት ማዕዘን ከመሰለ 350 ነው፤ 400ው ቅርጹ የተዛባ ነው።

የቱንም ግዙ፣ ለብቻው የሚቆም ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣና የሙቀት መለኪያ አስገጥሙ። 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጤነኛ ነው፤ 115ን ካለፈ ዘይቱ መበላሸት ይጀምራል። ቁልቁለቱን ደግሞ ለካምቢዮ ብቻ አትተዉት፤ ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ይኑረው። ከዋሻው ወዲያ ያለው መንገድ በአንዳንድ ቦታ 7 በመቶ ይወርዳል።

ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ረጅም መንገድ የምትስቡ ከሆነ ገንዘባችሁን አጠራቅማችሁ 4ኤል80ኢ ግዙ። የእኔ ጉዞ ቅርብ ስለሆነ ቲኤች 400ና 3.73 ዲፈረንሻል አስገባሁ። በዚያው ዳገት፣ በዚያው ተጎታች መለኪያው 93 ላይ ቆመ። ሬዲዮ ግን አይሰማም፤ ባለቤቴ ከዋሻው እስክንወጣ ድረስ በጩኸት ነው የምታወራኝ።