ለአሮጌ የስፌት መኪና ምትክ መርፌ፦ የትኛው ይሻላል?

የቆየ የስፌት መኪና እጃችሁ ከገባ፣ መርፌ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ምትክ የሚያስፈልገው መሆኑን አረጋግጡ። የሲንጀር ሞዴል 15፣ 27፣ 28፣ 66፣ 99፣ 127፣ 128 እና 201 ዕድሜያቸው የቱንም ያህል ቢገፋ የሚሠሩት ዛሬም በሚመረተው ተራ የቤት መኪና መርፌ ነው። ፓኬቱ ላይ 15×1፣ 130/705 ኤች ወይም ኤች.ኤ×1 ይላል፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ይህንኑ መርፌ «ለጥንታዊ መኪና ብቻ» ብሎ በውድ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከእነዚህ ውጭ ባሉት ላይ ነው። እዚያ ሦስት ነገር ትለካላችሁ። አንደኛ፣ መርፌውን በብሎን በሚይዘው ማሰሪያ ውስጥ የሚገባው ወፍራም ክፍል፣ ግንዱ እንበለው፣ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ሁለተኛ፣ ከግንዱ አናት እስከ ክር ቀዳዳው ያለው ርቀትስ? ሦስተኛ፣ ግንዱ ሙሉ ድቡልቡል ነው ወይስ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ? የመርፌውን ጠቅላላ ርዝመት ብቻ ለክቶ የሚገዛ ሰው ይሳሳታል፤ ከቀዳዳው በታች ያለው ሹል ርዝመቱ ከመርፌ መርፌ ይለያያልና። ከታች ያለው መንጠቆ ወይም ሹትል (የታችኛውን ክር የያዘው ተመላላሽ ክፍል) የመርፌውን ክር የሚይዘው መርፌው ወርዶ መነሣት ሲጀምር፣ ከቀዳዳው ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ያ ቦታ ከተዛነፈ ስፌቱ ይዘላል።

ምትክ ስትመርጡ አጭርና ቀጭን ይሻላችኋል። አጠር ያለውን መርፌ እስከ ላይ ሳትገፉት ዝቅ አድርጋችሁ ማሰር ትችላላችሁ፤ ማሰሪያው በቂ ግንድ እስከያዘ ድረስ ይሠራል። ረጅሙ ግን ወደ ላይ መሄጃ የለውም፣ ታች ያለውን ብረት ይመታል። ቀጭን ግንድም ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ በተቆረጠ ስስ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ ይታሰራል። ወፍራሙ ጭራሽ አይገባም።

አሁን ወደ ግዢው። የፋብሪካ መኪና መርፌዎች ድቡልቡል ግንድ ስላላቸው ለብዙ አሮጌ መኪና መጀመሪያ የምሞክራቸው እነሱን ነው። ዲቢ×1 (16×231ም ይባላል) ግንዱ 1.62 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዲፒ×5 (135×5) ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ርካሽ ናቸው፣ በየቁጥሩ ይገኛሉ። ጉዳታቸው ጠፍጣፋ ጎን ስለሌላቸው አቅጣጫቸውን ራሳችሁ ማስተካከል አለባችሁ፦ ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት፣ ከቀዳዳው በላይ ያለው ጎድጓዳ ወደ መንጠቆው። ትንሽ ዞር ቢል እንኳ ስፌት ይዘላል።

ተራውን 15×1 ባልተሠራለት መኪና ላይ ማሰርም ይቻላል፤ የመርፌ ዘንጉን፣ ማለትም መርፌውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን ብረት፣ ከፍታ መቀየር ግን ሊጠይቅ ይችላል። ይህን የምመክረው ለመኪናው ሌላ መርፌ ከሌለ ብቻ ነው። ለምሳሌ ሲንጀር 206፣ 306 እና 319 የሚፈልጉት 206×13 የሚባል አጠር ያለ መርፌ ነው። ተራው ከገባ ጫፉ የቦቢኑን ቤት ሊነካ ይችላል። 206×13 ደግሞ ዛሬም ይመረታል። ዋጋው ከተራው ከፍ ቢልም፣ መርፌ ለመቆጠብ ብሎ መኪናውን ማናጋት አያዋጣም።

ከድሮ የተረፈ ያልተከፈተ ፓኬትስ? ልኩን በትክክል የሚያገኝ እሱ ነው። እንደ ቀደምቶቹ የዊለር ኤንድ ዊልሰን መኪናዎች ጎባጣ መርፌ ለሚጠቀም መኪናም ዋናው አማራጭ እሱ ነው፤ ቀጥ ያለ መርፌ አይተካውም። ዝገቱን ግን ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ በወረቀት የታሸገ ፓኬት ገዝቼ፣ የመጀመሪያው መርፌ እንደ አዲስ ሠራ፤ ሁለተኛው በየአሥር ስፌቱ ክሬን ይበጥሰው ጀመር። በማጉያ መነጽር ሳየው ቀዳዳው ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የማታህል ቡናማ ነቁጥ አለች። ፓኬቱ ውስጥ ከነበሩት ግማሹ እንዲሁ ነበር።

የግንዱን አናት ሞርዶ ማሳጠርም አለ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል፣ ግን መርፌ በተሰበረ ቁጥር ሞረድ ማንሣት ያሰለቻል።

መኪናው መርፌ ጭራሹኑ ከሌለው የማሰሪያውን ቀዳዳ በትራፓን ፑንታ ጭራ ለኩት፤ መጀመሪያ በ1.6፣ ከዚያ በ2 ሚሊ ሜትር። የተገዛውን መርፌ ካሰራችሁ በኋላ ክር ሳትከቱ መዘውሩን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው አቁሙ። የተሰበረ አሮጌ መርፌ ካለ ደግሞ አትጣሉት፤ ግንዱ ላይ የብሎኑ ጭረት ይታያል፣ መርፌው ምን ያህል ከፍ ብሎ ታስሮ እንደነበር የሚነግራችሁ እሱ ነው።