የሥራ መኪናዬን ከሌባ ላሳረፉልኝ የቁልፍ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በአናጺነት ሥራዬ የምገለገልበትን ቫን ከተደጋጋሚ ስርቆት ላሳረፉልኝ የመኪና ቁልፍ ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ እንዲሁም መሣሪያውን በመኪና ጭኖ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ እንደ እሳቸው ያለ ባለሙያ እንዲያማክር ለመጠቆም ነው። ስማቸው በጽሑፍ እንዳይወጣ እሳቸው ራሳቸው ስለጠየቁኝ ፍላጎታቸውን አከብራለሁ። በግል ለሚጠይቀኝ ግን ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

ከመጀመሪያው ስርቆት ልነሣ። አንድ ቀን ማለዳ ወደ መኪናዬ ስሄድ የጎኑ ተንሸራታች በር ገርበብ ብሎ አገኘሁት፤ ወለሉ ላይ ከሰጋቱራና ከጥቂት ሚስማር በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም። መሰርሰሪያዎቼ ከነባትሪያቸውና ከነቻርጀራቸው፣ ክብ መጋዙ፣ ግራይንደሩ፣ በጨርቅ ተጠቅልለው የነበሩት መሮዎች ሁሉ ተወስደዋል። አብሮ የሄደው የአባቴ የእጅ መላጊያ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የእንጨት እጀታው ከብዙ ዘመን አገልግሎት የተነሣ በአባቴ መዳፍ ልክ ለስልሶ፣ አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ነበር፤ እኔም ሙያውን የተማርኩት አውራ ጣቴን እዚያው ጎድጓዳ ላይ አሳርፌ ነው። ለፖሊስ ሳመለክት የመሣሪያዎቹን መለያ ቁጥር ተጠየቅሁ፤ የአንዱንም መናገር አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ የገጠመኝን የማስታውሰው በምሬት ነው። የማንንም ስም አላነሣም፤ ነገር ግን በሰው ጭንቀት ላይ እንዲህ መነገድ አለ ብዬ አላስብም ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ምን እንደምሠራም ሆነ መኪናዬ የት እንደሚያድር ሳይጠይቀኝ የማንቂያ ደወል ሸጦ ገጠመልኝ። ደወሉ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ይጮሃል። ጎረቤቶቼ እንቅልፍ አጥተው ከተማረሩ በኋላ ለመዱት፤ ከለመዱት በኋላ ደግሞ ሲጮህ በመስኮት ብቅ ብሎ የሚያይ ሰው ጠፋ። ሁለት ጊዜም የመኪናውን ባትሪ ጨርሶ ከሥራ አስቀርቶኛል። ይህን ልነግራቸው ስመለስ የሰጡኝ ምክር ከእሱ የሚበልጥ ሌላ ደወል እንድገዛ ነበር።

ሁለተኛው ቦታ «ከእንግዲህ ማንም አይከፍተውም» ብሎ በበሩ ወገብ ላይ ተጨማሪ ቁልፍ ገጠመልኝ። ብዙም ሳይቆይ ሌቦቹ ቁልፉን ሳይነኩት የበሩን የላይኛውን ጠርዝ ይዘው ወደ ታች ጎተቱት፤ ላሜራው እንደ ካርቶን ተጣጥፎ በተከፈተው በኩል ተበድሬ የገዛኋቸውን መሣሪያዎች ወሰዱ። መኪናውን ወስጄ ሳሳያቸው ያገኘሁት መልስ «ቁልፉ እኮ አልተሰበረም፤ የተሰበረው በሩ ነው» የሚል ነበር። ያን ቀን አብሮኝ ለሚሠራው ልጅ ሥራ እንደሌለ ስነግረው ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። መሣሪያ የተሰረቀበት የእጅ ባለሙያ የሚያጣው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የገባው ቀጠሮ ይፈርሳል፣ ደንበኛው ይርቃል፣ ለሚቀጥለው ሥራ የያዘው ገንዘብ የጠፋውን ለመተካት ይውላል።

እኚህን ባለሙያ የጠቆመኝ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ጓደኛዬ ነው። ሁለት ጊዜ የተታለለ ሰው ሦስተኛውን ማመን ስለሚከብደው በጥርጣሬ ነበር የሄድኩት። እሳቸው የሚሸጥ ነገር አላሳዩኝም። በመኪናው ዙሪያ ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ ዞሩ፣ የኋላውን በር ላይኛ ጠርዝ በመዳፋቸው ይዘው ሳብ አድርገው ክፍተቱን ተመለከቱ፣ ከዚያም «ልጄ፣ መጀመሪያ ሥራህን ንገረኝ» አሉኝ። በቀን ስንት ጊዜ በሩን እንደምከፍት፣ ብቻዬን ወይስ ከረዳት ጋር እንደምሠራ፣ እንጨት ተሸክሜ ስገባ በሩን ማን እንደሚጠብቀው፣ ማታ መኪናው የት እንደሚቆም፣ የመኪናው ቁልፍ ራሱ ቤት ውስጥ የት እንደሚቀመጥ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ በፊት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ስለ መቀርቀሪያዎቹ አሠራር ብዙ አስረድተውኛል፤ አብዛኛውን በትክክል መድገም አልችልም። የገባኝ ግን ይህ ነው። በሩ ሲዘጋ በራሱ የሚቆለፍ ዓይነት አለ፤ እሱ ዕቃ ከቤት ቤት ለሚያደርስና በየደቂቃው ለሚወርድ ሰው ይጠቅማል። እኔን ለመሰለ ሠራተኛ ግን ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን መዝጋት ስለሚያመጣ፣ በእጅ ዞሮ የሚቆለፈው እንደሚሻል ነገሩኝ፤ የሚሻለው ደግሞ ርካሹ ነበር። መቀርቀሪያዎቹን እያንዳንዱ በር ላይ አንድ ከላይ አንድ ከታች አደረጉ፤ ሌባ የበሩን ጫፍ ይዞ ሲጎትት የሚይዘው የላይኛው ነውና። ከእጀታው በታች፣ ሌቦች ላሜራውን በስተው የቁልፉን ዘንግ በሚነኩበት ቦታ ላይ፣ ወፍራም ብረት ገጠሙ። ሳይነካ በሩቁ የሚከፍተውን የመኪናዬን ቁልፍም በቤቴ በር አጠገብ ማንጠልጠል እንድተው፣ ሞገድ በማያሳልፍ ከረጢት ውስጥ እንዳኖረው አዘዙኝ፤ ከውጭ የቆሙ ሌቦች የቁልፉን ምልክት በመሣሪያ አጉልተው ለመኪናው ቁልፉ አጠገቡ ያለ እንደሚያስመስሉት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። በሩን ሲበሱ የወደቀውን የብረት ብናኝ በማግኔት እየለቀሙ፣ የተበሳውን ጠርዝ በሞረድ አለሰለሱና በቀጭን ብሩሽ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡት። እስኪደርቅ ጠብቀው ደግመው ቀቡት። እኔ ቸኩዬ ነበርና «ይበቃል» ብላቸው፣ ቀና ሳይሉ «ዝገትም ሌባ ነው፤ ይኼኛው ደግሞ አይሄድም» አሉኝ። በዚህ መሐል የቀድሞዎቹ ሰዎች ሳይደፍኑ የተዉአቸውን፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚያስገቡትን ቀዳዳዎች አይተው ዝም ብለው ደፈኗቸው፤ የተጣመመውንም ጠርዝ አቀኑት። ሒሳብ ስጠይቃቸው ለዚህኛው ሥራ አልቀበልም አሉ። «ያበላሸው የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ እኔ ላስተካክለው ይገባል» ነበር ያሉኝ።

ሥራው ካለቀ በኋላም አልለቀቁኝም። የቀሩኝን መሣሪያዎች አንድ በአንድ አስወርደው መለያ ቁጥራቸውን ፎቶ አስነሡኝ፣ ደብተር ላይ አስጻፉኝ፣ የስሜን መነሻ ፊደላትም አካላቸው ላይ ቀረጹልኝ። ከዚያም ሌላው ቢደብቀውም እሳቸው ያልደበቁትን ነገር ነገሩኝ፦ የትኛውም ቁልፍ ሌባን የሚያዘገይ እንጂ ለዘላለም የሚያቆም አይደለም፤ ስለዚህ ውድ የሆነው መሣሪያ ማታ ቤት ይግባ፣ መኪናው ብርሃን ባለበት ቦታ የኋላ በሩ ለግድግዳ ተጠግቶ ይቁም። ቁልፍ የሚሸጥ ሰው የቁልፍን አቅም ልክ እንዲህ በግልጽ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸውም ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት የኋላው በር ላይኛ ጠርዝ ተፋፍቆ፣ እጀታው ተጣሞ አገኘሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ በሩን ስከፍት መደርደሪያው እንዳለ ነበር፤ አንዲት ካቻቪቴ እንኳ አልጎደለችም። ስደውልላቸው በመጀመሪያ የጠየቁኝ «መሣሪያህን አስገብተኸው ነበር ወይ?» ብለው ነው። አዎን፣ አስገብቼው ነበር። በዚያው ቀን ማታ መጥተው እጀታውን ቀየሩልኝ፤ የላይኛውን መቀርቀሪያ ደጋግመው ከፍተው ዘግተው በጣታቸው ዳበሱት፣ ምንም እንዳልሆነም አረጋገጡልኝ።

ለዚህ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ እላቸዋለሁ። አናጺዎች፣ ኤሌክትሪሽያኖች፣ ቧንቧ ሠራተኞች፣ ቀለም ቀቢዎች፣ መሣሪያችሁ በመኪና ውስጥ የሚውል ሁሉ፣ እባካችሁ እንደ እኔ ሁለት ጊዜ እስክትዘረፉ አትጠብቁ። እሳቸውን የሚፈልግ መልእክት ይላክልኝ፤ ስልካቸውን በደስታ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የመሣሪያዎቻችሁን መለያ ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ፤ እሱንም ሳይጠይቋችሁ አይቀሩም።