ለደረጃ መብራት፦ ፒአይአር ወይስ ራዳር?

ፒያሳ ያለው የቢሯችን ደረጃ ቀንም ጨለማ ነው። ሰው ሲመጣ ብቻ የሚበራ መብራት ይግባ ሲባል ሁለት ዓይነት ሴንሰር ቀረበልን።

አንደኛው ፒአይአር የሚባለው ነው። ይህኛው ምንም አይልክም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሰውነታችን ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ጨረር ሁሌም ይለቃል፤ በብዛት የሞገድ ርዝመቱ 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ሴንሰሩ ውስጥ ያለችው ክሪስታል ሙቀቷ ሲለወጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ታመነጫለች። ሲለወጥ ነው ያልኩት፤ ሙቀቱ ባለበት ከቆየ ዝም ትላለች። ስለዚህ ደረጃው ላይ ቆመው ስልክ የሚያወሩ ሰዎች ጨለማ ይውጣቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የክሪስታል ቁራጮች በተቃራኒ ይገናኛሉ። አካባቢው በሙሉ ቢሞቅ ምልክታቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሰው ሲያልፍ ግን አንዱን ቀድሞ፣ ሌላውን አስከትሎ ስለሚነካ ይታወቃል። ከፊት ያለው ነጭ ፕላስቲክ ሽፋን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሌንስ ነው። ችግሩ፣ ፊት ለፊት የሚመጣን ሰው ከጎን ወደ ጎን እንደሚያልፈው ቶሎ አይለይም።

ሁለተኛው፣ ራዳሩ፣ ራሱ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፣ ብዙ ጊዜ በ5.8 ጊጋኸርትዝ። ሞገዱ ከሚንቀሳቀስ ነገር ነጥሮ ሲመለስ ፍሪኩዌንሲው ይለወጣል። ነቄ ነው፣ ከልክ በላይ። ስስ ግድግዳና የእንጨት በር ስለሚያልፍ፣ ጎረቤት ቢሮ ውስጥ ሰው ሲንጎራደድ የእኛ ደረጃ ሊበራ ይችላል።

ለሰፊ የመኪና ማቆሚያ ቢሆን ራዳሩን እመርጥ ነበር። ለጠባቧ ደረጃችን ፒአይአሩን ገዛን፤ የጎን ግድግዳው ላይ አሰቀልነው።